ጨርቅ መርማሪዋ ካሜራ ያነሳች ጊዜ

መሰለች አቃቂ ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ጨርቅ ስታይ ኖራለች። ሥራዋ ማየት ብቻ ነበር። ከሥሩ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ አቡጀዲው እየተጎተተ ያልፋል፤ እሷ የተበጠሰ ድር፣ የዘለለ ማግ፣ የዘይት ጠብታ እየፈለገች በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። ዓይኗ ከመልመዱ የተነሳ ቤተ ክርስቲያን ቆማ እንኳ ከፊቷ ያለችው ሴት ነጠላ ላይ የተዛባውን ጥለት ሳትፈልግ ታገኘው ነበር። "ንስሐ ገባሁበት፤ አልተወኝም" ትላለች እየሳቀች።

በ1998 ዓ.ም. ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ወጣች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንድ ልጇ ሐዋሳ አግብታ ትኖራለች። የመጀመሪያዎቹን ወራት ቤቷን ስታጸዳ ከረመች። ከዚያ የሚጸዳ ነገር አለቀ።

ጎረቤቷ ዙለይኻ ቃሊቲ፣ ወደ ማረሚያ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ጠባብ ሱቅ አላት። ፎቶኮፒ ትሠራለች፣ ጉርድ ፎቶግራፍ ታነሳለች፤ እስረኛ ሊጠይቁ የሚመጡ ሰዎችም ሞባይላቸውን እሷ ዘንድ በአደራ ያስቀምጣሉ። የስልጤ ልጅ ነችና አረፋ ሲደርስ እንደ አገሯ ሰው ሁሉ ወደ ወራቤ ትሄዳለች። የ1999ኙ አረፋ ግን ታኅሣሥ ላይ ዋለ፤ ተማሪው ለፈተና ምዝገባ ጉርድ ፎቶ የሚሰለፍበት ወቅት ነው። ሱቁን ዘግቶ መሄድ አሳዘናት።

"እትዬ መሰሉ፣ ለአሥራ አምስት ቀን ብቻ ይቀመጡልኝ" አለቻት።

"እኔ? ኮምፒዩተር እኮ ነክቼ አላውቅም።"

"ሲነኩት አይናከስም። ጨርቁን ያወቁበት ዓይን ይበቃል።"

በሁለት ከሰዓት በኋላ አስተማረቻትና ሄደች።

በሦስተኛው ቀን መሰለች አንድ ተማሪ ፎቶ አንስታ ኮምፒዩተሩ ላይ ስታየው ጉንጩ ላይ ጥቁር ነጥብ አገኘች። ቆሻሻ ይሁን ማርያም የሳመችው ቦታ ለመለየት ምስሉን አጎላችው። አሁንም አጎላችው። ስንት ጊዜ እንደተጫነች አታውቅም፤ ብቻ ፊቱ ጠፋና በእሱ ቦታ ጥቃቅን ባለቀለም አራት ማዕዘኖች ሞሉ። ሌላ ሰው ቢሆን አበላሸሁት ብሎ ይደነግጥ ነበር። መሰለች ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች። አራት ማዕዘኖቹ ወደ ታች ተሰልፈዋል፤ ወደ ጎንም ተሰልፈዋል። አንዱ ከጎረቤቱ በትንሹ ደመቅ ይላል፤ ከሩቅ ሲታይ ያ ልዩነት ጉንጭ ይሆናል።

"ይኼማ ጨርቅ ነው!" ብላ ጮኸች።

ልጁ ደንግጦ "ምን ሆነ?" አለ።

"ምንም አልሆነ። ፊትህ ድርና ማግ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ ፎቶዎችን እያጎላች ታይ ጀመር። ከአንዱ ቦታ ቀለም ወስዶ ሌላው ላይ የሚያሳርፈውን መሣሪያ በራሷ አገኘችው። ካሜራውንም ከሱቁ ይዛ ወጣች። መንገድ ዳር የቆመ የከባድ መኪና ጎማ፣ በዝናብ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ናፍጣ፣ ቀለሙ የተላጠ የመጋዘን በር፤ ቀርባ፣ በጣም ቀርባ አነሳቻቸው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉድለት ፈልጋ ሳይሆን መልክ ፈልጋ ታይ ነበር። ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ አታውቅም። ምሳ መብላት የረሳችባቸው ቀናት ነበሩ፤ መሰለች ደግሞ ምሳ የምትረሳ ሴት አይደለችም።

ዙለይኻ ከወራቤ ስትመለስ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ከሦስት መቶ በላይ ፎቶ ጠበቃት።

"እትዬ መሰሉ፣ ምንድነው ይኼ ሁሉ? የጎማ ፎቶ የሚገዛ ሰው አለ?"

"የሚገዛ አልፈለግኩም። እስቲ እዪው።"

ዙለይኻ አየችው። መሰለች የጎማውን ጥርስ ደጋግማ ገጣጥማ፣ የናፍጣውን ሐምራዊና አረንጓዴ አልብሳው ነበር።

"ውይ" አለች ዙለይኻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ጎማ እኮ አይመስልም። የሙሽራ አልጋ ልብስ ይመስላል።" ጥቂት ካሰበች በኋላ ደግሞ፣ "በቃ፣ ከእንግዲህ ፎቶው የእርስዎ፣ ፎቶኮፒው የእኔ ይሁን" አለች። እንደዚያም ሆነ።

መሰለች ቀስ በቀስ ያረጁና የተቀደዱ ፎቶዎችን በመጠገን ታወቀች። በ2001 ዓ.ም. ክረምት ጋሽ ታደሰ መጡ። በዚያው ፋብሪካ መካኒክ የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ የቆዩ ሰው ናቸው። ይዘውት የመጡት ከፋብሪካው በር ፊት የተነሳ የአሥራ ሦስት ሠራተኞች የቡድን ፎቶ ነው። ጣሪያው አፍስሶበት መሐሉን ውሃ በልቶታል። አሥራ ሁለቱ ይታያሉ። አሥራ ሦስተኛዋ ትከሻዋና የራሷ ቅርጽ ብቻ ቀርቷል፤ ፊቷ ነጭ ሆኗል።

"አቻምየለሽ ነች" አሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ያረፈች ባለቤታቸው ነበረች፤ በፈትል ክፍል ትሠራ ስለነበር መሰለች በቅርብ አታውቃትም። "ከዚህ ሌላ ፎቶ የላትም። ሰርጋችን ገጠር ነበር፤ ማን ካሜራ ይዞ? መታወቂያዋም ከቦርሳዋ ጋር ተሰረቀ። ፊቷን መልሺልኝ።"

መሰለች አንድ ሳምንት ታገለች። የአሥራ ሁለቱን ሰዎች ፊት ጥርት አድርጋ አወጣች። ከነጩ ሥር ግን ምንም አልነበረም።

ዙለይኻ መፍትሔ አገኘች። "የምትመስላትን ሴት ፊት ፈልገው ይግጠሙላቸው። የጋሽ ታደሰ ዓይን ደክሟል፤ አይለዩትም። ደስ ይላቸዋል።"

"ሃያ ሦስት ዓመት ነቀፋ ያለበትን ጨርቅ ደህና ነው ብዬ አሳልፌ አላውቅም" አለች መሰለች። "ዛሬ የሌላ ሴት ፊት አቻምየለሽ ነው ብዬ ላሳልፍ?"

"ታዲያ ነጩን ሊሰጧቸው ነው?"

መሰለች በማግስቱ ጋሽ ታደሰ ቤት ሄዳ ከሟች የቀረ ዕቃ እንዳለ ጠየቀች። እሳቸውም ከሳጥን አንድ ሻሽ አወጡ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ አበባ የፈሰሰበት፣ ከመታጠብ ብዛት የሳሳ። "ከራሷ አይወርድም ነበር" አሉ። መሰለች ግቢ አውጥታ ፀሐይ ላይ ዘረጋችውና ሲነፍስበት፣ ሲጨማደድ፣ ብርሃን ሲያልፍበት አነሳችው።

አራት ቀን ሠራችው። አሥራ ሁለቱ ሰዎች እንደ ድሮው በጥቁርና ነጭ ቆሙ። በመካከላቸው፣ ልክ በአቻምየለሽ ራስና ትከሻ ቅርጽ፣ አረንጓዴው ሻሽ ከነቢጫ አበባው ሞላ። ስትጨርስ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ከሩቅ አየችው። ከዚህ በፊት የሠራቻቸው ሁሉ ልምምድ እንደነበሩ ገባት።

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

"ፊቷስ?"

"ፊቷ የለም፣ ጋሽ ታደሰ። ውሃው ወስዶታል። የማላውቀውን ፊት ሠርቼ ልዋሽዎት አልቻልኩም።"

"እኔ ያልኩሽ ፊቷን ነው!" አሉና ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ።

ዙለይኻ "ብዬዎት ነበር" ብላ ወደ ፎቶኮፒዋ ዞረች። መሰለች አዘነች። ሽማግሌ ማስቀየሟ ከነከናት። ቢሆንም ምስሉን ልታስተካክለው ስትከፍተው የምትነካው ነገር አላገኘችም። ትክክል ነው። እንደዚህ እርግጠኛ የሆነችበት ነገር በሕይወቷ ጥቂት ነው። አትማ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

በስድስተኛው ቀን ጋሽ ታደሰ ተመለሱ። አብረዋቸው ሁለት ጡረተኛ ሴቶች፣ በላይነሽና ሰኪና፣ ነበሩ፤ ሁለቱም በፈትል ክፍል ከአቻምየለሽ ጋር የሠሩ።

"አሳዪያቸው" አሉ መሰለችን፣ ሌላ ነገር ሳይሉ።

ሰኪና ገና ከበሩ አየችውና እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አቹ!" አለች። "እዪያት በላይነሽ፣ አቹ ነች እኮ!"

ጋሽ ታደሰ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ቤት ስገባ ፊቷን ላስታውስ ሞከርኩ" አሉ ረጋ ብለው። "ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ሻሿ ነው። ከዚያ ፊቷ ይከተላል። ተቀይሜሽ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ስጪኝ፣ ልውሰዳት።"

ከዚያ ወዲያ መሰለች ሥራዋን አወቀችው። የፋብሪካውን ጡረተኛ ሴቶች አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረች፤ በላይነሽን፣ ሰኪናን፣ ከዚያ ሌሎችን። "ቁንጅና አልፈልግም፤ እጃችሁን አሳዩኝ" ትላቸዋለች። ፈትል የቆረጣቸውን ጣቶች ከተላጠው የመጋዘን በር ጋር፣ የፊታቸውን መስመር ከአስፋልቱ ስንጥቅ ጋር አዋሐደች። የራሷን ኮምፒዩተር ገዛች። ያልወደደችውን ያለ ርኅራኄ ታጠፋለች፤ የወደደችውን ማንም ቢነቅፈው አትነካም።

በ2007 ዓ.ም. ማህሌት የምትባል የሥዕል መምህርት እስረኛ ልትጠይቅ መጥታ ሞባይሏን ልታስቀምጥ ሱቁ ገባች። ግድግዳውን ስታይ የመጣችበትን ረሳች።

"ማነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ" አለች መሰለች።

"የት ተማሩ?"

"ጥራት ቁጥጥር ክፍል።"

ማህሌት የምትቀልድ መስሏት ሳቀች፤ መሰለች ግን አልሳቀችም። ቁጭ አድርጋ የጨርቁን፣ የጠመኔውን፣ የአራት ማዕዘኖቹን ነገር አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። መምህርቷ የጥየቃው ሰዓት ሊያልፍባት ትንሽ ሲቀረው ተነሳች። በተመለሰች ጊዜ አንድ ጥያቄ ይዛ ነበር፤ ከተማ መሐል ባለ አንድ አዳራሽ ሥራዎቿን ለማሳየት ትፈቅዳለች ወይ?

"ሴቶቹን ልጠይቅ" አለች መሰለች። "ፊቱ የእነሱ ነው።"

ሴቶቹ ፈቀዱ። በ2008 ዓ.ም. ጥር ላይ አሥራ አንድ ጡረተኞችና በከረባት ያጌጡ ጋሽ ታደሰ ከቃሊቲ ባቡር ተሳፍረው መሐል ከተማ ሄዱ። አዳራሹ ውስጥ እያንዳንዷ ሴት ከራሷ ምስል ሥር ቆማ ለተመልካቹ ስለ ሥራዋ ታስረዳ ጀመር፤ ማንም እንዲህ አድርጉ ያላቸው አልነበረም። ሰኪና ለአንድ ወጣት የፈትል መኪና እንዴት እንደሚጮህ በአፏ አሰማችው። መሰለች ከጥግ ቆማ ስታያቸው ደረቷ ሞላ፤ አለቅሳለሁ ብላ ፈርታ ነበር፣ ሳቀች እንጂ አላለቀሰችም።

ሲመለሱ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። ባቡሩ ወደ ቃሊቲ ሲቃረብ ፀሐይ በመጋዘኖቹ ቆርቆሮ ላይ ጋደም ብላ ጣሪያው ሁሉ መዳብ መስሏል። መሰለች ካሜራዋን ከቦርሳ አወጣችና ከመድረሻቸው አንድ ፌርማታ ቀደም ብላ ተነሳች።

"የት ነው?" አለች በላይነሽ። "ገና አልደረስንም እኮ!"

"እናንተ ሂዱ፤ እኔ ደርሻለሁ" አለቻትና ወረደች።