ያልተረጎምኩት ጥያቄ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌ አያውቅም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይህችን ዘልያታለሁ። ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚገባቸው ሰውም እስከ ዛሬ አያውቁም። ሥራዬ የሆስፒታል አስተርጓሚነት ነው። ሐኪሙ ያለውን በአማርኛ፣ በሽተኛው ያለውን በእንግሊዝኛ እላለሁ፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። እንዲህ አደርጋለሁ ብዬ ምዬበታለሁ። እኔ ግን ቀነስኩ። አንድ ጥያቄ ቀነስኩና የሰው ዓይን አጠፋሁ።

ጋሽ ታደሰ እዚህ በስደት አገር፣ ሜፕልዉድ በምትባል ከተማ ከልጃቸው ከሰላም ጋር የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በብየዳ የጨረሱ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ በርና መስኮት ይሠሩ ነበር፤ እዚህም መጥተው ጡረታ እስኪወጡ ከብረት አልተለዩም። ሪችፊልድ ያለችው ቤቴ የደረጃዋን የብረት መደገፊያ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው በልቶት ሲወድቅ፣ በነጻ የሠሩልኝ እሳቸው ናቸው። ያን ቀን መነጽራቸውን እያጠለቁ፣ በወጣትነታቸው ብረት ሲቆርጡ ፍንጣሪ ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ እንዴት እንዳሰቃያቸው አጫውተውኛል። በዚህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አላውቅም ነበር ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ እንኳ የለኝም።

ከዓመታት በኋላ ወገባቸውን ታመሙና ኤምአርአይ ታዘዘላቸው፤ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። ኤምአርአይ ሰው የሚገባበት ትልቅ ማግኔት ነው። የጣት ወርቅን አይስብም፣ አሉሚኒየምንም አይነካም፤ ብረትን ግን የትም ቢደበቅ ይጎትታል። ለዚህ ነው ሰው ከመግባቱ በፊት በጥያቄ የሚፈተሸው። ባለሙያዋ አፏ የፈጠነ ልጅ ነበረች። ልብ ላይ የተገጠመ መሣሪያ? የለም። ቀዶ ጥገና? የለም። ጋሽ ታደሰ ቀለበታቸውን፣ የአንገት መስቀላቸውን፣ ቀበቷቸውን አውልቀው ሱሪያቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆመዋል። ልጅቷ የቀረውን በአንድ ትንፋሽ አወረደችው፦ ንቅሳት አለ ወይ፣ ብልት ላይ የተተከለ ነገር አለ ወይ፣ ዓይን ውስጥ ብረት ገብቶ ያውቃል ወይ።

አባቴ በሕይወት ቢኖር እኩያው የሚሆኑ፣ ልጆቼን የሚመርቁ ሰው፤ ስለ ብልታቸው ልጠይቃቸው? ለማላውቀው ሰው ስንት ጊዜ ጠይቄያለሁ። ለእሳቸው አቃተኝ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ከዚያ ምን አልኩ?

«ጋሼ፣ ተመችቶዎታል ወይ ነው የምትለው» አልኳቸው።

ተመችቶኛል በያት አሉኝ። እኔም ወደ ልጅቷ ዞሬ ለሁሉም «ኖ» አልኩ። የዓይኑ ጥያቄ ከነውረኛው ጥያቄ ጋር አብሮ ተቀበረ። አልሰማሁትም ነበር ልበል? ሰምቼዋለሁ። እኔ ሰምቼዋለሁ፣ እኔ ዘልዬዋለሁ፣ እኔ በሰው አፍ «ኖ» ብያለሁ።

ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜ ስጠብቅ አልጋው ወደ ውስጥ መንሸራተት ጀመረ፤ ወዲያው ጮኹ። ጋሽ ታደሰ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። ልጅቷ ሮጣ አወጣቻቸው። ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይዘው ይንቀጠቀጣሉ፤ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ሄደ ይላሉ። ያቺ ፍንጣሪ፣ የጤፍ ፍሬ የማታክል ብረት፣ ይህን ሁሉ ዘመን ዓይናቸው ውስጥ አርፋ ኖራ ማግኔቱ ቀስቅሷት ነበር። ዓይኑን ማትረፍ አልተቻለም።

ይህ የመጀመሪያው በደሌ ነው። ምነው እዚህ ላይ በቆምኩ። የክፍሉ ኃላፊ መጥታ የዓይኑን ጥያቄ ጠይቀሻቸው ነበር ወይ አለችኝ። ጠይቄያቸዋለሁ፣ የለም ብለዋል አልኩ። እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ? አዎ፣ እኔ ነኝ። ድምፄ እንኳ አልተሰበረም። እስካሁን ሳስበው ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ያ ያልተሰበረ ድምፄ ነው።

ሰላም ኢገን ካለው ሥራዋ እያለቀሰች ድራይቭ አድርጋ ደረሰች። ኃላፊዋ የነገረቻትን ይዛ አባቷ ላይ ጮኸች።

«አባዬ፣ ስለ ዓይንህ አስክ አድርገውህ እኮ ነው። ለምንድን ነው ኖ ያልካቸው?»

ጋሽ ታደሰ ባልታሸገው ዓይናቸው ትኩር ብለው አዩኝ። አሁን ጉዴ ፈላ አልኩ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው፣ «ጠይቃኝ ይሆናል፤ ረስቼው ነው» አሏት።

ሸፈኑልኝ ብዬ አሰብኩ። እፎይ አልኩ፤ አዎ፣ እፎይ አልኩ። ግን አልሸፈኑልኝም። አምነውኝ ነው። እኔን ከራሳቸው አእምሮ አስበልጠው አመኑ። ጥቂት ቆይቶ የመኪና ቁልፋቸውን ለሰላም አስረከቡ፤ አእምሮዬ ከድቶኛል፣ ሰው እንዳልገጭ ብለው። የብየዳ ዕቃቸውን ለሰው ሰጡ። ሰው ሰላምታ ሲሰጣቸው እንኳ፣ ትናንት ተገናኝተን ነበር እንዴ እያሉ መጠየቅ ጀመሩ።

በመጨረሻ የማስታወስ ምርመራ ተያዘላቸውና አስተርጓሚው እኔ ካልሆንኩ አልሄድም አሉ። ሄድኩ። በእኛ ሥራ አስተርጓሚ በበሽተኛው ቦታ ሆኖ «እኔ» እያለ ነው የሚናገረው። እሳቸው ለሐኪሙ በአማርኛ፣ እኔም ተከትዬ በእንግሊዝኛ፦ እኔ ተጠይቄ ነበር፤ እኔ መጠየቄን ፈጽሞ አላስታውስም፤ እንዲህ ያለውን ከረሳሁ ነገ የልጄን ስም እረሳለሁ ብዬ ፈራሁ። አንዲት ቃል አልቀነስኩም። ያን ቀን ግሩም አስተርጓሚ ነበርኩ።

ሐኪሙ አእምሯቸው ፍጹም ጤነኛ መሆኑን ነገራቸው። ደስ አላላቸውም። መኪና ማቆሚያው ላይ ክንዴን ይዘው ቆሙ።

«ልጄ፣ ጤነኛ ከሆንኩ ታዲያ ያን ጥያቄ የት ጣልኩት?» አሉኝ።

አይጨነቁ ጋሼ አልኳቸው። በር ከፍቼ አስገባኋቸው፤ እሳቸውም ስለ ድካሜ መረቁኝ።

በይሉኝታ አላሳብብም። ይሉኝታው ያለፈው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሥራዬን እንዳላጣ፣ ስሜ እንዳይጠፋ ብዬ ያደረግኩት ነው። ዓይናቸውን ልመልስ አልችልም። አእምሯቸውን ግን በየቀኑ፣ ዝም ባልኩ ቁጥር፣ እየወሰድኩባቸው ነው። ይቅር በሉኝ ለማለት ገና አልበቃሁም። ሰላም፣ እኔ ሳልነግራቸው ይህን ጽሑፍ ቀድመሽ ካገኘሽው ለአባትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ ጥያቄውን የትም አልጣሉትም፣ እኔ ነኝ ያልሰጠኋቸው።