የትንፋሽ ግብር

ገበየሁ ቀልድ ካልተናገረ ምግብ የማይወርድለት ሰው ነበር። በሃምሳዎቹ ዓመታት ዳንግላ ውስጥ ጋሪ የሚነዳ ሞልቷል፤ የሱን ጋሪ ግን ሰው ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ገበያው ያለውን አቧራ በአማርኛም በአገውኛም እያሳቀ ነው የሚያሻግረው። ጥርሳቸው ምን እንደሚመስል ጎረቤት የማያውቀው ባላምባራስ በዛብህ እንኳ ጋሪው ላይ ሲወጡ ጢማቸውን በመዳፋቸው ይሸፍኑ ነበር። የሚሸፍኑት ጢማቸውን ሳይሆን ፈገግታቸውን መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ቤቱ ሲገባ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። ሚስቱ ስሜነሽ ከኮረዳነቷ ጀምራ አረቄ ስታወጣ የኖረች ሴት ናት። ያን ሁሉ ዘመን መስኮት በሌለው ጓዳ እርጥብ እንጨት ስታነድ ደረቷ አለቀ። ስትተነፍስ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል። አረቄውን ከተወች በኋላም አልተሻላትም። ልጅ አልወለዱም፤ እሱ ለሷ፣ እሷም ለሱ ነበሩ።

የምትተነፍሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው። በከተማው ላይኛው ጫፍ ጥድና ዝግባ የከበበው የፈረስ ሜዳ የሚባል ገላጣ ነበር። ገበየሁ ጠዋት ጠዋት በጋሪው ወስዶ ዝግባው ሥር አጎዛ ያነጥፍላታል። ረፋዱ ላይ ሲመለስ ፉጨቱ ቆሞ፣ ፊቷ ወዝ አግኝቶ፣ ከመንገደኛ ጋር ስታወራ ያገኛታል። ሐኪም ቤት የሰጣት እንክብል ያላደረገላትን ያ ሜዳ አደረገላት። እሱም ሌላ መድኃኒት አላወቀላትም።

አንድ ቅዳሜ የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ጋሪው ላይ ወጣና ወሬ አመጣ። ከደብረ ማርቆስ የመንግሥት ሰው ሊመጣ ነው፤ ስለ ፈረስ ሜዳው አየር ሕዝቡን ሊጠይቅ ነው። ይህን የሰሙት ተሳፋሪዎች ፊታቸው ተለወጠ። ገመድ ይዘው መሬት ሊለኩ ስለሚመጡ ሰዎች የማይወራበት ቤት አልነበረም፤ ጎጃሜ ደግሞ ቀላድ ሲባል ፀጉሩ ይቆማል። ገበየሁም የሰዉን ድንጋጤ አይቶ ዝም ማለት አልቻለም።

"መሬቱን ትተው ወደ ትንፋሽ ወጥተዋል" አለ አለንጋውን እያነሣ። "እንግዲህ በየአፍንጫው ላይ ቀላድ ሊጥሉብን ነው።"

ጋሪው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ሚስቱ በሕይወት ስላለችበት ነገር ሊጠይቁ መምጣታቸውን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበውም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። ገበያው ሳይበተን ወሬው ዞሮ እሱው ዘንድ መጣ፤ ሲመጣ ግን ቀልድነቱ ቀርቶ ነበር። አንዲት ጌሾ የምትሸጥ ሴት ጠጋ ብላ፣ "ሰምተሃል? የትንፋሽ ግብር ወጣ አሉ፤ ጉንፋን የያዘው ግማሽ ነው የሚከፍል" አለችው። ገበየሁ እስኪያነባ ሳቀ።

ሰኞ ያ የመንግሥት ሰው መጣ። ዓለምነው ይባላል፤ ትሑት፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነው። ከተማውን የሚያውቅ ጋሪ ነጂ ፈልጎ ገበየሁን ያዘ። መንገድ ላይ ነገሩን አጫወተው።

"አንድ ሥራ ተቋራጭ ሜዳውን ለጡብ ማቃጠያ ጠይቋል። አንዳንዶቹ ደግሞ መናፈሻ ይሁን ይላሉ። ሕዝቡ ይጠቅመኛል ካለ መናፈሻ ይሆናል፤ አይጠቅመኝም ካለ ለእቶኑ ይሰጣል።"

ገበየሁ ልጓሙን ሳብ አድርጎ ፈረሱን አቆመ። የቅዳሜው ቀልዱ ትዝ አለው።

መጀመሪያ የገቡት ሸዕባን ሱቅ ነው። ሸዕባን የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ማታ ማታ ሱቁን ዘግቶ ፈረስ ሜዳው ላይ ሳይንሸራሸር አይተኛም። ዓለምነው በትሕትና ጠየቀው፤ "ይህ ሜዳ ምን ይጠቅምዎታል? አየሩ ከጭስ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ ምን ያህል ያዋጣሉ?"

ምን ያህል ያዋጣሉ! ወሬውን ለሰማ ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይምጣ?

"እኔ አየር አላበዛም፣ ጌታዬ" አለ ሸዕባን። "ሱቅ ውስጥ ያለችው ትበቃኛለች።"

ጌሾ ሻጯ አፍንጫዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የተደፈነ መሆኑን ነገረችው። ባላምባራስ በዛብህ ደግሞ ሁሉንም በለጡ፤ ሜዳው ከደጃቸው እየታየ፣ "የት ያለ ሜዳ?" ብለው ጠየቁት።

እኩለ ቀን ላይ ዓለምነው ምሳ ሲገባ ገበየሁ ወደ ሸዕባን ሱቅ ሮጠ።

"ሸዕባን፣ ቀልዴን እኮ ነው። ግብር የሚባል ነገር የለም። እውነቱን ንገሩት፤ ሜዳው ሊሄድ ነው።"

ሸዕባን የሚለካውን አቡጀዲ ሳይለቅ ቀና ብሎ አየው። "ጠዋት ሙሉ ሰውየውን ይዘህ ስትዞር አይቼሃለሁ፣ ገበየሁ። ምን ቢሰጡህ ነው?"

ወደ ሌላው ሄደ፤ ሌላውም እንደዚያው አለው። ቀልድ ነው ባለ ቁጥር እውነት እየሆነ ሄደ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

አመሻሽ ላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ሰው ተሰበሰበ። ዓለምነው የቀረው ሰው እንደሌለ ሲያውቅ ወደ ጋሪ ነጂው ዞረ። "እርስዎስ፣ አቶ ገበየሁ?"

ሚስቴ የምትተነፍሰው እዚያ ነው። አራት ቃል ነች። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ቀና ሲል ግን ባላምባራስ ዱላቸውን ተደግፈው ያዩታል፣ ሸዕባን ያየዋል፣ ጌሾ ሻጯም ታየዋለች፤ እሱ ለመንግሥት ያደረ መሆኑን ሊያረጋግጡ ሁሉም አፉን ይጠብቃሉ። ይጠቅመኛል ቢል ባገር ላይ ግብር ያመጣ ሰው እሱ ሊሆን ነው።  ከዚያ አፉ እንደ ልማዱ በራሱ ተከፈተ።

"እኔማ፣ ጌታዬ፣ ለአየር ገንዘብ ካወጣሁ ፈረሴም ድርሻውን ይጠይቀኛል።"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ባላምባራስ ጢማቸውን መሸፈን ረስተው ሳቁ። ሸዕባን መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ገበየሁ ተመልሶ የነሱ ሆነ፤ እፎይም አለ። ይህ እፎይታ ነው ሰውን የሚያናድደው። ዓለምነው ቦርሳውን ዘጋ፤ በማግስቱም ሄደ።

እቶኑ የተሠራው ዝናቡ ሳይገባ ነው። ጥዱና ዝግባው ለማገዶ ወደቀ። እርጥቡ እንጨት ቀን ከሌት እየጨሰ፣ ነፋሱ ጭሱን ቁልቁል ወደ ከተማው ይነዳው ጀመር። ሸዕባን አፉን በነጠላ ጠቅልሎ ይሸጣል። ባላምባራስ ማዘጋጃ ቤቱን ይራገማሉ፤ "ሳይጠይቁን!" እያሉ። ስሜነሽ መተኛት አቃታት፤ ግድግዳ እንደ ተደገፈች ይነጋባታል፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ጥሊሊ የሚኖረው ወንድምሽ ዘንድ ልውሰድሽ ቢላት፣ "የራሴ ጓዳ ጭስ ጨረሰኝ፤ የሰው ጓዳ ምን ሊያደርግልኝ?" አለችው።

አንድ ጠዋት በጋቢ ጠቅልሎ ጋሪው ላይ አስቀመጣትና ማዘጋጃ ቤት ወሰዳት። ደረጃውን መውጣት ስለማትችል መስኮቱ ሥር ትቷት ብቻውን ገባ። ባርኔጣውን አወለቀ።

"ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው። እሳቱን አጥፉልኝ። የፈለጋችሁትን ውሰዱ፤ ፈረሱንም ጋሪውንም ውሰዱ።"

ጸሐፊው ዓለምነው በመጣ ዕለት ከተሰበሰበው ሰው መካከል ነበር። ብዕሩን አስቀመጠ። "ፈረሱ የአየር ድርሻውን ይጠይቃል አላልክም? አሁን ጭራሽ ልታስረክበው ነው?"

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

"ማርያምን፣ የእውነቴን ነው!" አለ ገበየሁ።

የባሰ ሳቁ፤ ቀልድ ሲጀምር ሁልጊዜ የሚምለው በማርያም ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ "ይህ ሰው ባይኖር ዳንግላ በምን ትስቅ ነበር?" አሉ። ገበየሁ መካከላቸው ቆሞ አንዱን ሲያይ፣ ሌላውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ፣ ልማድ ክፉ ነው፣ እሱም አብሯቸው ሳቀ።

ሲወጣ ስሜነሽን ጋሪው ላይ ቀና ብላ አገኛት። ዓይኗ በርቶ ነበር።

"ሳቃችሁን ሰማሁት" አለች፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች። "እሺ አሉህ፣ አይደል?"

ገበየሁ ልጓሙን ለማስተካከል ጎንበስ አለ። 

"አዎ" አላት። "ያጠፉታል።"

መንገዱን ሙሉ ጸሐፊውንም ሹሙንም ስትመርቅ ሄደች። ከዚያ በኋላ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ጠዋት ጠዋት፣ "ጠፍቶ እንደሆነ ልየው፣ በሩን ክፈትልኝ" ትለዋለች። እሱም ተነሥቶ ይከፍትላታል፤ ጭሱም ይገባል።