ማማ ቴምቢ ኒውክሌር ያለችው አንገቴ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም፣ ከሆሳዕና የወጣሁበትን ምሽት ማለቴ ነው። በቆሎው አብቦ እንደነበር ትዝ ይለኛል። እህቴ አበበች አንገቴን በነጠላ ጠቅልላ «ይህን እንቅርት ሰው እንዳያይብህ፣ በሽተኛ ብለው ይመልሱሃል» አለችኝ። በሞያሌ፣ በኬንያ፣ በታንዛንያ፣ በሞዛምቢክ አድርጌ ጆሃንስበርግ ስደርስ ነጠላው አልቆ እንቅርቱ ቀረ።

የእህቴ ልጅ ደሳለኝ ቀድሞኝ መጥቶ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል መንደር ሱቅ ከፍቷል። የምናድረው ግን ሮዘተንቪል ሰፈር፣ ከአከራያችን ከማማ ቴምቢ ግቢ በተከራየነው ክፍል ነው። እዚህ ሰኔ ደረቅ ብርድ ነው፣ ጭቃ የለውም። ፓፕ የሚሉት ገንፎም ቅቤ አያውቅም፤ ቆጮ የለመደ ሆድ ያዝንበታል።

እጄ መንቀጥቀጥ፣ ልቤ ያለ ሥራ መሮጥ ሲጀምር ሆስፒታል ሄድኩ። እንቅርቱ ከልክ በላይ እየሠራ ነው አሉኝ። አንዲት ባለሙያ ከወፍራም ብረት ዕቃ ውስጥ አንድ እንክብል በመቆንጠጫ አወጣች። ጨረር የሚያወጣ አዮዲን ነው፣ የተሠራውም በኒውክሌር ምድጃ ነው አለችኝ።

«አንቺ በእጅሽ የማትነኪውን እኔ ልዋጠው?» አልኳት በሰባራ እንግሊዝኛዬ።

ሳቀች። «አንተ የምትወስደው አንዴ ነው አባት። እኔ ለስንቱ ስሰጥ ነው የምውለው፤ እኔ ላይ ይጠራቀማል።»

አዮዲኑ አንገት ውስጥ ገብቶ የታመመውን እንደሚያደክም፣ የተረፈው በሽንት እንደሚወጣ፣ በውስጤ የቀረውም በየቀኑ እየቀነሰ እንደሚሄድ አስረዳችኝ። ለተወሰኑ ቀናት ለብቻህ ተኛ፣ ሳህንህን ለይ፣ ከልጆችና ከነፍሰ ጡር ራቅ አለች። ድንበር ላይ መሣሪያ ቢጮህብኝ የማሳየው ካርድም ሰጠችኝ፤ ቢጫና ጥቁር ምልክት አለበት። ደሳለኝ ሱቁ ውስጥ አደረ፣ እኔም ብቻዬን በላሁ። እኛ ዘንድ ለብቻው የሚበላ የተጣላ ሰው ነው፤ ከሕመሙ ይልቅ እሱ ከበደኝ።

ቀኖቹ ካለፉ በኋላ ነው ስህተት የሠራሁት። ማማ ቴምቢ የስደተኛ ወረቀቴ መታደሱን ልታይ መጣች። ስደተኛ ወረቀት አምጣ ሲባል መርጦ አያወጣም፣ ያለውን ሁሉ ይዘረግፋል። እኔም ዘረገፍኩት።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ማዳላ?» አለች ካርዱን አይታ። ማዳላ ሽማግሌ ማለት ነው።

«የሆስፒታል ነው ማማ። ጨረር ውጬ ነበር፣ አሁን ወደ ማለቁ ነው።»

እስከ በሩ አፈገፈገች። «ቤቴ ውስጥ ኒውክሌር! የልጅ ልጆች አሉኝ እኮ!»

«እንቅርት ነው ማማ፣ አይፈነዳም።»

«ኬፕታውን ያለው የኒውክሌር መብራት ጣቢያ እንኳ በኮንክሪት ታጥሯል። አንተን ማን አጠረህ? እስከ እሁድ ውጣ!»

ደሳለኝ ሲሰማ «አጎቴ፣ ተዋት፣ ሌላ ቤት እንፈልግ» አለ።

«አልወጣም» አልኩት። «ባላጠፋሁት ከስንት ቦታ ወጥቻለሁ። ከዚህስ አልወጣም።»

በማግስቱ ከግቢው ማዶ ሆኜ ጠራኋት። «ማማ፣ እኔን አትመኚኝ። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፤ አብረን እንሂድና በጆሮሽ ስሚ።»

መጣች። ታክሲው ውስጥ ግን ሦስት ወንበር ርቃኝ ተቀመጠች።

ባለሙያዋ የጨረር መለኪያውን መጀመሪያ ወደ ባዶው ክፍል ያዘች። ጠቅ... ጠቅ... አለ።

«ምንም በሌለበት ለምን ይጮኻል?» አለች ማማ ቴምቢ።

«ከአፈሩ ነው፣ ከግድግዳው፣ ከሰማዩም። ከምንበላው ሙዝ፣ ከራስሽም ሰውነት ይወጣል። ጨረር የሌለበት ቦታ የለም። ስንት ነው፣ በምን ያህል ርቀት ነው፣ ለስንት ጊዜ ነው ብለሽ ነው የምትጠይቂው።»

አንገቴ ላይ ስታደርገው ፈጠነ። ማማ ቴምቢ ተነሥታ ቆመች። ባለሙያዋ እየራቀች ስትሄድ ድምፁ ቀዘቀዘ፤ በሩ ጋ ስትደርስ ከባዶው ክፍል እምብዛም አልተለየም።

«ታዲያ ያ ጣቢያስ?»

«እዚያ ያለው እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ ነዳጁ በብረት ቱቦ፣ ቱቦው በወፍራም የብረት ጋን፣ ጋኑም በኮንክሪት ቤት ውስጥ ነው። እንደ አቶሚክ ቦምብ አይፈነዳም። ዋናው የሚፈራው ማቀዝቀዣው ውሃ ቢቋረጥ ነው፤ ለእሱም ተጠባባቂ ፓምፕና ጀነሬተር አለ። አደጋ ቢመጣ ለአካባቢው ሰው ደህናውን አዮዲን በክኒን ይሰጡታል፣ አንገቱ ቀድሞ እንዲሞላና ክፉው አዮዲን ቦታ እንዲያጣ። አትፍሪ አልልሽም፤ በልኩ ፍሪ።»

እኔም ጣልቃ ገባሁ። «ከቤታችን ጀርባ ያለው የወርቅ ማዕድን አፈር ክምርስ?»

«እሱ ውስጥ ዩራኒየም ይኖራል። አቧራው ነው ክፉ፤ ልጆች አይጫወቱበት።»

ማማ ቴምቢ ደረቷን ያዘች። «የልጅ ልጆቼ እሱ ላይ ነው የሚንሸራተቱት!»

«እንግዲያው ማማ፣» አልኳት፣ «እስከ እሁድ እሱን አስወጪው።»

ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ፊቷን አዞረች። ስንመለስ አጠገቤ ተቀመጠች።

ይኸው እዚያው ክፍል አለሁ። ልጆቹን ከክምሩ ከልክላቸዋለች፤ እኔ የነካሁትን የበር እጀታ ግን ዛሬም በጨርቅ ትጠርጋለች። ትጥረግ፤ እኔም እያየችኝ እነካዋለሁ። ደሳለኝ ተመልሶ ከአንድ ሳህን እንበላለን። አበበች ስትደውል «ከዳንክ ምን ትሠራለህ እዚያ? ና እንጂ» ትለኛለች።

እናንተ እንደ እኔ በሰው አገር የታመማችሁ፣ ካርዳችሁን አትደብቁ፣ ቤታችሁንም በሰው ፍርሃት አትልቀቁ። እኔ ብቻዬን አልቻልኩትም። ያቺ መለኪያውን ይዛ ከጎኔ የቆመችው ሴት ስሟ ኖምቩላ ነው።