ለሥራ ያረጁ፣ ለጡረታ ያልደረሱ

አባቴ ፍኖተ ሰላም አጠገብ ለሚኖሩ አንድ ባላባት አጋፋሪ ነበሩ። እንግዳ ያስገባሉ፤ ግብር ሲበላ ሰዉን እንደየማዕረጉ ያስቀምጣሉ። ለዚህም በየወሩ ድርጎ፣ ማለትም የሚበሉት እህል ይሰፈርላቸዋል። የራሳቸው መሬት አልነበራቸውም። እናቴ ቀድማ ሞታለች፤ ከልጆቻቸውም የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። በዚያን ጊዜ ወደ ማንኩሳ ተድሬ ነበር።

ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ጌታው ከሰዎቻቸው ጋር ጫካ ገቡ። አባቴን በሩን እንዲጠብቁ ትተዋቸው ሄዱ። እመቤቲቱ ደግ ሴት ነበሩ፤ እንግዳ የሚባል ባይመጣም እስከ መኸር ድረስ ድርጎውን አላቋረጡባቸውም። ከዚያ አራሹ ጫካ ስለገባ አዲስ እህል አልገባም፤ ጎተራው ተሟጠጠ። አስጠርተው፣ "ከእንግዲህ የምሰጥዎ የለኝም፤ እንዳይቀየሙኝ" አሏቸው። አባቴ እጅ ነስተው ወጡ።

መጀመሪያ የሄዱት ቡሬ ነው። ጣሊያን መንገድ ያሠራ ስለነበር የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል። አስተርጓሚው ሽበታቸውን አይቶ፣ "ሽማግሌ አንቀጥርም" ብሎ ከሰልፉ አወጣቸው። ከዚያ ወደ ደብራቸው አለቃ ሄዱ። ደብሩ ለደከሙ ሰዎች ጡረታ ይሰጥ ነበር፤ በቅጥሩ ውስጥ ጎጆና የዕለት እንጀራ። አለቃው በአክብሮት ተቀብለው፣ "ጡረታችን ዓይናቸው ለጠፋና አልጋ ለያዙ ነው። እርስዎ እኮ ገና ብርቱ ሰው ነዎት" አሏቸው።

ይህን ሲነግሩኝ ፈገግ እያሉ ነበር። "ቡሬ ላይ ሽማግሌ ነኝ፤ ደብሩ ላይ ጎረምሳ። በመካከል ያለውን ሰው ማን እንደሚያበላው አልነገሩኝም።"

"እኔ ዘንድ ይምጡ፣ አባዬ" አልኳቸው።

"ከአማች ቤት ገብቼ እጅ እጁን እያየሁ ልኑር? ተይው ልጄ።"

አልፎ አልፎ ግን እየመጡ ይጠይቁኝ ነበር። ምግብ ሳቀርብ፣ "አሁን በልቼ መጣሁ" ይላሉ። ትንሽ ቀምሰው እጃቸውን ይሰበስባሉ። ልብሳቸው ንጹሕ ነው፤ ጨዋታቸውም እንደ ድሮው ነው። አምናቸው ነበር።

አንድ ቀን ባለቤቴ ጅጋ ገበያ ውሎ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

"በመንገዴ ላይ የተዝካር ድግስ ነበር" አለኝ። "ከነዳያኑ መካከል አባትሽን አየኋቸው። ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ተራቸውን ይጠብቃሉ።"

"አዩህ?"

"እንዳያዩኝ በሌላ በኩል ዞርኩ።"

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በሳምንቱ ባለቤቴ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ይዞ ወደ አባቴ ሄደ፤ እኔን ለማግባት ሲጠይቅ እንዳደረገው ሁሉ።

"ሌላ ልጅ እኮ የለኝም" አሏቸው አባቴ፣ ሽማግሌዎቹን ደጃቸው ላይ ቆመው ሲያዩዋቸው።

"የመጣነው እርስዎኑ ልንጠይቅ ነው" አለ አንደኛው። "ይህ ሰው አባቱ ሞቶበታል። ማሳው ደግሞ ጫካ ዳር ነው፤ በቆሎውን ዝንጀሮ ጨረሰበት። ማሳውን የሚጠብቅለት፣ ነገርም ሲገጥመው የሚመክረው አባት ይፈልጋል። እምቢ አይበሉት።"

አባቴ፣ "የዝንጀሮው ነገር እውነት ነው?" ብለው ባለቤቴን ጠየቁት።

"እውነት ነው አባቴ።"

"እንግዲያው እመጣለሁ። ጎጆዬ ግን ለብቻ ይሁን።"

ማሳው ዳር ጎጆ ቀለስንላቸው። ከአጠገቡም ከፍ ያለ ማማ ተሠራ፤ ወንጭፍ ይዘው እዚያ ላይ ይውላሉ፤ ማታ ከእኛ ጋር ጠግበው ይበላሉ። የመጀመሪያ ልጄ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር እሷንም ማማው ላይ ይዘዋት ይወጡ ጀመር። እንዳትወድቅ ብዬ ስሰጋ፣ "እኔ ይዣት?" ብለው ይገረሙብኛል።

ጣሊያን በወጣበት ዓመት በቆሎው ጥሩ ያዘ። ሰብስበን ስንጨርስ አባቴ ማማውን ራሳቸው አፈረሱ፤ እንጨቱንም ለከርሞ ማማ ይሆናል ብለው በጎጇቸው ጥግ ደረደሩት።