ከማዳም ካቲና ጋር ወደ ናፍፕሊዮ

በኮቪዱ ሁለተኛ ዓመት፣ ፀደይ ላይ፣ ሁለተኛውን ክትባት ወስጄ ስመለስ መኪናውን የምትነዳው ልጄ ሰሚራ፣ "ማሚ፣ አሁን በረራ ተከፍቷል። መጀመሪያ የት ልውሰድሽ? ደሴ?" አለችኝ።

"ናፍፕሊዮ።"

"ዌይት፣ የት?"

ኦሃዮ፣ ብሌንደን ያለው ቤታችን እስክንደርስ ታሪኩን አወራኋት።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከደርግ ሸሽቼ አቴንስ፣ ማዳም ካቲና ቤት እሠራ ነበር። ማዳም ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ ግሪክ ናቸው። ሱቃቸው ሲወረስ ነው አገራችሁ ነው ወደተባሉት ግሪክ የገቡት። ግሪክኛቸው የድሬ ቅላጼ ስላለው ጎረቤቶቻቸው "ሐበሻዋ" ይሏቸው ነበር። እኔ ደግሞ የአሜሪካ ቪዛ ተከልክዬ ምግብ እምቢ ካለኝ ሰንብቶ ነበር።

አንድ ጠዋት፣ "ተነሺ፣ ልበሺ። የአባቴን ከተማ ልናይ ነው" አሉኝ። "ብቻዬን ስለምፈራ እስከ ዛሬ አልሄድኩም።"

አውቶቡሱ ከአርጎስ ሜዳ ሲደርስ ብርቱካኑ ሁሉ አብቦ፣ ሽታው በመስኮት እየገባ ሹፌሩ ሳይቀር በረጅሙ ይተነፍስ ነበር። ናፍፕሊዮ ከገደል ሥር ተሸጉጣለች። ከላይዋ ምሽግ፣ ከፊቷ ባሕሩ መሃል የቆመች ትንሽ ግንብ። የግሪክ የመጀመሪያዋ መናገሻ ነበረች ሲሉኝ አላመንኩም፤ ከደሴ ፒያሳ እምብዛም አትበልጥም።

አባታቸው የነገሯቸውን ምልክት ይዘን ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ደረጃውን ወጣንና የአባታቸውን ቤት አገኘነው። ማዳም እጃቸውን ወደ በሩ አነሱ፣ መልሰው አወረዱት።

"ዘሃራ፣ እንመለስ። ማን ነኝ ብዬ እገባለሁ?"

"ለዚህ አይደል እንዴ የመጡት?" አልኩና እኔው አንኳኳሁ።

ጥቁር የለበሱ አሮጊት ከፈቱ። ማዳም እየተንተባተቡ የአባታቸውን ስም ጠሩ። አሮጊቷ መቃኑን ያዙ።

"የስፒሮ ልጅ? የአጎቴ ልጅ ነሽ?" ብለው አቅፈዋቸው አለቀሱ።

በስኳር የተቀቀለ የብርቱካን ልጣጭ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ቀረበልን፤ ቀጥሎ በወይራ ዘይት የተጠበሰ ዓሣ። አሮጊቷ ወደ እኔ ዞረው፣ "ይቺስ ማን ናት?" አሉ።

ማዳም ሠራተኛዬ ናት እስኪሉ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

"የአገሬ ልጅ ናት" አሉ ማዳም።

ያን ቀን ጠግቤ በላሁ።

በማግስቱ አሮጊቷ በአውቶቡስ ወስደው ከከተማው ራቅ ብሎ ያለውን ጥንታዊ የድንጋይ በር አሳዩን። አናቱ ላይ ሁለት አንበሶች ተቀርጸዋል። ማዳም በአማርኛ፣ "እነዚህማ የእኛ ናቸው!" ብለው በሳቅ ፈረሱ። እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

እኔ በሁለተኛው ሙከራ ቪዛው ተሳክቶልኝ ወደ ኦሃዮ መጣሁ። ማዳም አቴንስን ትተው ናፍፕሊዮ ከአጎታቸው ልጅ ጋር አረጁ።

ሰሚራ መኪናውን ፓርክ አድርጋ ሞተሩን ሳታጠፋ ቆየች። "ማሚ፣ ሴትየዋ ባትከፍትላችሁ ኖሮስ?"

ይህን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት ትዝ የሚለኝ እንግድነቱ ሳይሆን ሁለታችንም ገበታው ላይ ቦታ ማግኘታችን ነው። ምናልባት ወጣትነት ያኔ ካደረገልኝ ሁሉ ትልቁ፣ በሩ ላይከፈት ይችላል ብዬ አለመፍራቴ ይሆናል።

"የጎረቤቱን እናንኳኳ ነበራ" አልኳት።