በጋሽ በላይነህ በርበሬ ላይ የወደቀው ጥላ

ይህ ነገር ለመጻፍ የሚበቃ መሆኑን እንጃ፤ የጎረቤት ጠብ ነው። ግን ትናንት በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ረጅሙን የሱፍ አበባ ሲያጭዱ የቅጠሉ መራራ ሽታ ልቤን ይዞት ቡሬ ወዳለው ጓሯችን ሄደ።

አባቴ ታሞ ሆስፒታል ሳለ ጎረቤታችን ጋሽ በላይነህ አጥሩን ወደ እኛ ገፉት። እናቴ አልጮኸችም። ፍሬው የሚበላውን ሳይሆን፣ በየዓመቱ ከሥሩ የሚያቆጠቁጠውን ረጅም የዱር የሱፍ አበባ አምጥታ በአጥሩ ጥግ ተከለችው። እኔ ውኃ አጠጣሁ።

"እማ፣ ለምንድን ነው?"

"እሳቸው መሬት ገፉ፤ እኛ ፀሐይ እንገፋለን።"

የገባኝ በሁለተኛው ዓመት ነው። አበባው ጣሪያችን ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው፤ ጋሽ በላይነህ በርበሬ በሚያሰጡበት ደጅ ላይ እስከ እኩለ ቀን ጥላውን ጣለ። በርበሬው ሻገተ።

"አንች ጥሩዬ፣ ይኸ አበባሽ በርበሬየን ፈጀው'ኮ!" አሉ እናቴን፣ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው።

"ኧረ ጋሼ፣ ለዓይን ያምራል ብዬ ነው። ካስቸገረዎ ይቁረጡት።"

ቆረጡት። ክረምት ሲገባ ከበፊቱ በዝቶ በቀለ። የሻገተውን በርበሬ እየለቀሙ ሲጥሉ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ፣ አፌን ይዤ እስቅ ነበር። ዛሬም አላዝንላቸውም።

በመጨረሻ ነገሩ ገባቸውና አጥሩን በገዛ እጃቸው ነቅለው ወደ ድሮ ቦታው መለሱት። እናቴ ቆማ አየች።

"አሁንስ አበባውን አንነቅለውም?" አልኳት።

"ሥሩ ይቆይ፤ ሰው ይረሳል።"

አጥሩ የተመለሰው አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ነው።