ጠጅ የተውኩበት ዓመት

በደርግ ጊዜ አጋሮ ከተማ በአንድ የቡና ግዢ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ያን ጊዜ የሰው ሐሳብ የሚመረመረው ከአፉ በሚወጣው ብቻ አልነበረም፤ ወደ አፉ በሚገባውም ጭምር ነበር። ይህን የተረዳሁት ሐሞቴን ስታመም ነው።

ቅባት በበላሁ ቁጥር ከቀኝ ጎድኔ ሥር የሚነሳ ሕመም እስከ ትከሻዬ ወጥቶ ያጎብጠኛል። አማካሪ አልጠፋም። አንዱ ጥቁር አዝሙድ በማር አለ፤ ሌላው ኮሶ አለ። ሦስተኛው "ቅቤ አንጀት ያርሳል" ብሎ የቀለጠ ቅቤ በባዶ ሆድ አጠጣኝ፤ በዚያው ቀን ጅማ ሆስፒታል ገባሁ። ያየኝ ኩባዊ ሐኪም በራጅ አይቶ የሐሞት ከረጢትህ ጠጠር ይዟል አለኝ። ቅቤ፣ ጮማ፣ ጥሬ ሥጋና ጠጅ ከለከለኝ፤ ሕመሙ ከተመለሰ ግን ቀዶ ሕክምና ነው አለ። በነዚያ ዓመታት ቁም ነገርን በአጭሩ ሲናገር የሰማሁት እሱን ብቻ ነው።

ባለቤቴ ድንችና ጎመን በውሃ ቀቀለች፤ እኔ በላሁ፤ ሕመሙ ተወኝ። ካድሬው ግን አልተወኝም።

ካድሬው የመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ነበር። ከመጻሕፍት የሚያውቀው ርዕሳቸውን ነው፤ የማን ብርሌ እንደጎደለና የማን እንዳልጎደለ ግን አያመልጠውም። አንድ ቅዳሜ ጠጅ ቤት ውሃ ሳዝዝ አየኝና ለባልደረቦቼ፣

"ሰው ካልሰለመ ወይ ካልጰነጠ ጠጅ አይተውም" አላቸው።

ለጨዋታ አልነበረም። ያን ጊዜ ጴንጤ የተባለ ሰው ከሥራው ይባረር ነበር፤ ዕድሉ ከከፋም ይታሰራል። ሰኞ ዕለት ካድሬው የመጋዘን ኃላፊያችንን ጠየቃቸው። ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው።

"ወላሂ፣ እኛ ጋ አልመጣም" አሉ መቁጠሪያቸውን ሳያቆሙ። "ሌላ ቦታ ፈልጉት።"

ለአንዲት ቀልድ ብለው አሳልፈው ሰጡኝ። እኔም ወደ ካድሬው ሄድኩ።

"ጓድ፣ ታምሜ ነው። ሐኪም ነው የከለከለኝ።"

"ምንህን?"

"ሆዴን።"

"ታዲያ የሆድ መድኃኒቱ ጠጅ አይደለም እንዴ?"

ለአብዮቱ በዓል ግቢያችን ውስጥ በሬ ታረደ። ካድሬው ሰው ሁሉ እያየ ከሻኛው ጮማውን መርጦ ቆረጠ፣ አዋዜ ውስጥ ነክሮ ወደ አፌ ዘረጋው። ለእምነታቸው ስለሞቱ ሰዎች ብዙ አንብቤ ነበር። ለሌለው እምነት የሞተ ሰው ግን በየትኛውም መጽሐፍ አላጋጠመኝም። አፌን ከፈትኩ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አለና ደገመኝ። ቀጥሎ ብርሌውን አስጨበጠኝ። ስጨልጠው ተጨበጨበ። የተማሩ ሰዎች ናቸው ያጨበጨቡት።

አመሻሹ ላይ በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር የኋላ ወንበር ላይ ተኮራምቼ ወደ ጅማ ተወሰድኩ። አጃቢዬ ራሱ ካድሬው ነበር።

"ጓድ፣ ምነው ሳትነግረኝ?" ይለኛል መንገዱን ሙሉ። አቅም ኖሮኝ ቢሆን እዚያው ላንድሮቨሩ ውስጥ አስመልስበት ነበር፤ እሱም አልሆነልኝም።

ኩባዊው ከረጢቱን ከነጠጠሩ አወጣው። ድኜ ሥራ ስገባ ካድሬው በውይይት ክበቡ ተነስቶ መሰከረልኝ። ቅባትና ጠጅ የሚያስከለክል በሽታ መኖሩን ሳይንስ አረጋግጧል አለ፤ በሽታውን ራሱ ያገኘው ይመስል ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከከምባታ የመጣው የሚዛን ጸሐፊያችን ቢሮዬ ገብቶ በሩን ዘጋ። በዓል በሆነ ቁጥር ቤተሰብ ታመመብኝ እያለ የሚቀር ዝምተኛ ልጅ እግር ነው።

"ጋሼ፣ ያምዎት የነበረው በየት በኩል ነው?"

ነገርኩት። ቀስ ብሎ ጎድኑን ዳሰሰ።

"ጠጅም ይከለክላል?"

"ጠጅ በተለይ።"

እጁ ያረፈው በግራ በኩል ነበር። ይዤ ወደ ቀኝ አዛወርኩለት።